«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት ፔስቱን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር፣ አምፕሊፋየርና ስታብላይዘር እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ አንድ ላፕቶፕ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ታቅፋ ሱቄ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ላፕቶፑ በተከፈተ በአሥር ደቂቃው ድርግም ይላል። እናቷ ሻይና ሳምቡሳ ሸጣ የገዛችላት ዕቃ ነው። ከእኔ በፊት ሌላ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር። መጀመሪያ «በጣም ይግላል፣ ፔስት እንቀይርለት» ተብላ ከፈለች። ፔስት የሚባለው በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚቀበለው ብረት መካከል የሚቀባው ቅባት ነው። ሲብስበት ተመልሳ ሄደች። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» አሏት። የጠሩላት ዋጋ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል።

ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ከፍተን እንየው» አልኳት። አጠገቤ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳት።

ሽፋኑን ፈታሁ። ሂትሲንኩን፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚቀበለውን ብረት፣ አነሳሁ። የድሮው ፔስት ሳይጠረግ እንደ ቁስል ቅርፊት ደርቆ ተጣብቋል። አዲሱ ከላዩ ላይ ተዘርግፏል። ከፕሮሰሰሩ ጠርዝ አልፎ ዙሪያውን ባሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ ፈሷል። ሂትሲንኩን ከሚይዙት አራት ብሎኖች አንዱ የለም። ሌላው እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። የግራፊክስ ሜሞሪዎቹ ላይ የነበረው ለስላሳ ፓድ ተነቅሎ ተጥሏል፤ በምትኩ ፔስት ተለድፎበታል። በፋኑና በክንፎቹ መካከል ያለው አቧራ ደግሞ እንደ ጥጥ ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ዘግቶታል።

ማዘርቦርዱ ግን ምንም አልሆነም። ድርግም የሚለው ራሱን ለማዳን ነበር። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዚያ ነው ስታክ የሚያደርገው። ካልሆነለት ያጠፋል። ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ፍጥነት መቀነስ የሚጀምሩት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የልጅቷ ላፕቶፕ ሥራ ሲሰጠው በሁለት ደቂቃ ውስጥ 99 ይገባ ነበር። አቧራውን አውጥቼ፣ ሁሉንም ጠርጌ፣ ፓዱን ተክቼ፣ ብሎን ፈልጌ፣ ፔስቱን እንደ ደንቡ ቀብቼ ስመልሰው በዚያው ሥራ 76 ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ጽሑፏን በጊዜው አስረከበች።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ እጄ ላይ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከአዲስ አበባም፣ ከሐረርም፣ ከጅግጅጋም መጥቶልኛል። የምጽፈው የሥራ ባልደረቦቼን ለማሳጣት አይደለም። ብዙዎቹ ጎበዝ ልጆች ናቸው። ቪዲዮ አይተው፣ በራሳቸው ጥረት የተማሩ ናቸው። ግን ይህችን አንድ ነገር በትክክል ያሳያቸው ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃ ይጣላል። የድሃ ብር ይባክናል።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። ተርማል ፔስት የሚባለውን ቅባት ብዙ ሰው እንደ ማቀዝቀዣ መድኃኒት ነው የሚያየው። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሲቀባ ብዙ ያቀዘቅዛል ማለት ነው። ደንበኞቼም «አደራ፣ በደንብ ሙላበት» ይሉኛል። ፔስት ግን ምንም ነገር አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሂትሲንኩና ፋኑ ነው። የፔስት ሥራ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የቀረውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው።

አየር ከየት መጣ ለሚል ሰው፦ የፕሮሰሰር ፊት መስታወት ይመስላል። የሂትሲንኩ መዳብም እንዲሁ። በማይክሮስኮፕ ቢታዩ ግን ሁለቱም ተራራና ሸለቆ ናቸው። ሲጋጠሙ የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ነው። በሸለቆዎቹ ውስጥ አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት ለማስተላለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ለዚህ መለኪያ አለው፤ ዋት በሜትር በኬልቪን ይባላል። በዚህ መለኪያ መዳብ 400 አካባቢ ነው። አልሙኒየም ከ200 በላይ ነው። አየር 0.026 ገደማ ብቻ ነው። መዳብ ከአየር ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው።

ፔስቱስ? ደህና የሚባለው ከ4 እስከ 10 ቢሆን ነው። 5 የሆነ ፔስት ከአየር ወደ 200 ጊዜ ይሻላል። ስለዚህ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ቢይዝ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ይኸው ፔስት ከመዳብ 80 ጊዜ ያንሳል። ብረት ከብረት ሊነካካ በሚችልበት ቦታ ፔስት ገብቶ ሲያራርቃቸው መንገድ ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱን ይሙላ፣ ከዚያ አይለፍ።

የሐረር ሰው ስለ ጀጎል ግንብ ይገባዋል። ግንቡን ያቆመው ድንጋዩ ነው። ጭቃው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። አንድ ክንድ ጭቃ በየመሃሉ ቢከመርበት ግንብ አይሆንም ነበር።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 45 ዋት የሚያመነጭ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንውሰድ። ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ 150 ካሬ ሚሊሜትር እንበል። ከላይ ያልኩት 5 የሆነው ፔስት 0.05 ሚሊሜትር ሆኖ ቢሳሳ፣ በዚያ ቅባት ውስጥ ሙቀቱ ሲያልፍ የሚፈጠረው ልዩነት 3 ዲግሪ ነው። ያው ፔስት ግማሽ ሚሊሜትር ቢወፍር 30 ዲግሪ ይሆናል። ፔስቱ አንድ ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ውፍረቱ ብቻ ነው። 30 ዲግሪ ደግሞ በሚሠራና በሚጠፋ ላፕቶፕ መካከል ያለ ርቀት ነው።

አንድ ነገር ግን ማረም አለብኝ። ፔስቱ ትኩስና ለስላሳ ከሆነ፣ ብሎኖቹም እኩል ከጠበቁ፣ ትርፉ በጎን እየተጨመቀ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ስለበዛ ብቻ ዕቃ አይሞትም። የሚያበላሸው ፔስቱ በዝቶ ብሎኑ ሲላላ ነው። ወይም ደረቅ ቅርፊት ላይ አዲስ ሲደረብ ነው። ወይም ርካሹ ፔስት እንደ ሊጥ ጠንክሮ አልጨመቅ ሲል ነው። የተማሪዋ ላፕቶፕ ሦስቱም ደርሰውበታል።

ይህን ያስተማረኝ ኮምፒውተር አይደለም፤ አምፕሊፋየር ነው። በ1984 ዓ.ም. ቀፊራ አጠገብ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተለማማጅ ሆኜ ገባሁ። ጋሼ እለው ነበር። የሠርግ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር። ያኔ በብዙ አምፕሊፋየር ውስጥ ቱ-ኤን-3055 የሚባል ትልቅ ትራንዚስተር ነበር። ክብ የብረት ቆብ ያለው፣ በሁለት ብሎን ሂትሲንክ ላይ የሚታሰር። የዚህ ትራንዚስተር ባሕርይ ቆቡ ራሱ ኤሌክትሪክ አለበት። ከትራንዚስተሩ ሦስት ጫፎች አንዱ የሆነው ኮሌክተሩ ከቆቡ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሂትሲንኩን በቀጥታ መንካት የለበትም። መሃላቸው ማይካ የምትባል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የማዕድን ቅጠል ትገባለች። ኤሌክትሪክ ታግዳለች፣ ሙቀት ታሳልፋለች። በማይካዋ በሁለቱም ፊት ነጩ ቅባት ይቀባል። ነጩ ቅባት የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄትና የሲሊኮን ዘይት ድብልቅ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ቅባቱን ስቀባ አበዛሁት። ጋሼ እጄን ያዘ። «አቦ፣ ይኼ ቅባት ለክፍተቱ ነው እንጂ ለብረቱ አይደለም» አለኝ። ሁሉንም አስጠረገኝ። እንደገና ቀባሁ። እንደገና አስጠረገኝ። አራተኛው ላይ ማይካዋ በቅባቱ ውስጥ አሳልፋ ስትታይ «በቃ፣ አሁን እሰረው» አለ። ካሰርኩ በኋላ በቴስተር ቆቡንና ሂትሲንኩን እንድነካ አደረገኝ። ቴስተሩ ከጮኸ ማይካዋ ተቀዳለች ማለት ነው፤ መብራት ላይ ቢሰካ ፊውዝ ይበላል። ዛሬም ኢንቨርተር ስጠግን ይህን ሳላደርግ አልሰካም። አሁን በየቤቱ የገባው የሶላር ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ሞስፌት የሚባሉት ትራንዚስተሮችም ብዙዎቹ ጀርባቸው እንዲሁ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። ማገጃውን አውጥቶ ጥሎ ፔስት ብቻ የሚቀባ ጠጋኝ ዕቃውን በገዛ እጁ ሾርት ያደርገዋል።

ጋሼ ካረፈ ቆይቷል። ነፍሱን ይማር። ዛሬ ካቻቢቴ ባነሳሁ ቁጥር ያ «ለክፍተቱ ነው» የሚለው ቃሉ ትዝ ይለኛል።

ስንት ይቀባ ለሚለው ጥያቄ መልሴ እንደ ዕቃው ነው። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የብረት ቆብ አለው። መሃሉ ላይ ከምስር ከፍ፣ ከአተር ዝቅ የምትል አንዲት ጠብታ ማስቀመጥ ይበቃል። በእጅ ማሰራጨት አያስፈልግም። ሂትሲንኩ ቀጥ ብሎ ወርዶ ሲጫነው ራሱ ይሰራጫል። ቆቡ ሰፊ ለሆነ ትልቅ ፕሮሰሰር ቀጭን የመስቀል ምልክት ይሠመርበታል። ላፕቶፕ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሲሊኮኑ፣ ማለትም ቺፑ ራሱ፣ ራቁቱን ነው። ሙቀቱን የሚያሰፋለት ቆብ የለም። ጥጉ ሳይቀባ ቢቀር ያ ጥግ ብቻውን ይግላል። ስለዚህ ለላፕቶፕ ፊቱን በሙሉ በስሱ እሸፍነዋለሁ። ለማሰራጫ የምጠቀመው ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚቀረውን ፕላስቲክ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲሊኮኑን አይጭረውም።

ስስነቱን ለተለማማጆቼ የማስረዳው በእናቴ ምጣድ ነው። እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታስስ ምጣዱ ያብረቀርቃል እንጂ ጎመን ዘሩ ተቆልሎ አይታይም። ማሰሻው ሁሉንም ቦታ ይነካል፣ የትም አይከምርም። ላፕቶፕ ላይ የሚፈለገው ቅባት ከዚያ ትንሽ ቢወፍር ነው።

ከመቀባት በላይ የምለፋው በመጥረግ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መጥረግ አሰልቺ ስለሆነ ይዘሉታል። የድሮው ፔስት ከሁለቱም ፊት መውጣት አለበት፤ ከፕሮሰሰሩም፣ ከሂትሲንኩም። አይሶፕሮፒል አልኮል 99 በመቶ የሆነው ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶውም ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ክር የማይለቅ ጨርቅ እጠቀማለሁ። ሶፍት ክሩን ይተዋል። በምላጭ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ መፋቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። የሲሊኮኑ ጥግ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከተሰበረ መመለሻ የለውም። ከተጠረገ በኋላ በጣት አይነካ። የጣት ቅባት ይቀርበታል።

ብሎኑ ላይ ደግሞ ሹፌሮች ከእኛ ይሻላሉ። የመኪና ጎማ ሲታሰር አንዱ ብሎን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። በመስቀል፣ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ላፕቶፕ ላይም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ ሂትሲንኮች ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ በብረቱ ላይ ተጽፏል። ያ ጌጥ አይደለም፤ የማጥበቂያ ተራ ነው። አንዱ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ ሂትሲንኩ ያጋድላል። ፔስቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ሌላው ወገን አየር ይገባዋል። ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው ቅደም ተከተል፣ አሁንም በትንሽ በትንሹ።

ፓዱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ አትጣሉት። ሜሞሪዎቹና የኃይል ሞስፌቶቹ ከፕሮሰሰሩ ስለሚያጥሩ ሂትሲንኩ እነሱ ጋ አይደርስም። በመሃል ግማሽ፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ይህን የሚሞላው ፓዱ ነው። ፔስት ይህን ያህል ክፍተት ሊዘልል አይችልም። ፓዱ ከተቀደደ የድሮውን ውፍረት በካሊፐር ለክቶ እኩያውን መግዛት ነው። የወፈረ ፓድ መግባቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሂትሲንኩን ከፕሮሰሰሩ ላይ ያነሳዋል። ሜሞሪው ቀዝቅዞ ፕሮሰሰሩ ይግላል።

የራሴን ጥፋትም ልናገር፤ ሰው ይማርበት። በ2012 ዓ.ም. የኤኤምዲ ዴስክቶፕ መጣልኝ። ኤኤም-4 የሚባለው ሶኬት ያለው። ፔስቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ሂትሲንኩን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈበት ሶኬት ተነቅሎ አብሮ ወጣ። ሥሩ ያሉት ፒኖች ተጣመሙ። በመርፌና በምላጭ አንድ በአንድ ሳቀና አመሸሁ፤ አንዱ ተሰበረ። ፕሮሰሰሩን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። እንዲህ ያለውን ማሽን መጀመሪያ ትንሽ አሠርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ አጥፍቶ ሂትሲንኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ እያዞሩ ማላቀቅ ነው የሚገባው። ቀጥ አድርጎ መሳብ አያስፈልግም።

ሌላም አይቻለሁ። የአንድ ኢንተርኔት ቤት አዲስ ዴስክቶፕ ከተገጠመ ጀምሮ ይግላል። ስከፍተው የሂትሲንኩ መዳብ ላይ የሚለጠፈው የመከላከያ ላስቲክ አልተላጠም። ፔስቱ ከላስቲኩ በላይ ተቀብቷል። ላስቲኩን ልጬ፣ እንደገና ቀብቼ መለስኩት። በቃ፣ ዳነ።

ፔስት ሲጠፋ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ። ግራሶና ቫዝሊን የሚቀቡም አሉ። የጥርስ ሳሙና መጀመሪያ ቀን የሚሠራ ይመስላል፤ ውሃ ስላለበት ነው። ውሃው ሲተን ኖራ ሆኖ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን ሲሞቅ ቀልጦ ይወርዳል። ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ ነጭ ፔስት ይሻላል። አንድ ትንሽ ቱቦ ለብዙ ላፕቶፕ ስለሚበቃ እዚህ ላይ መቆጠብ ትርፍ የለውም።

ወጣቶቹ ደግሞ አሁን ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ከቪዲዮ አይተው ይጠይቁኛል። እውነት ነው፤ ከተራ ፔስት በብዙ እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ከፋብሪካው ይዞት ነው የመጣው። ግን በውስጡ ጋሊየም አለ። ጋሊየም አልሙኒየምን ይበላል፤ ጠንካራ የነበረው ብረት በእጅ ይፈረፈራል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። አንዲት ጠብታ ቦርድ ላይ ብታፈተልክ ሾርት ነው። የሂትሲንኩ ፊት መዳብ መሆኑን ያላረጋገጠ ሰው አይንካው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ የእናንተ ፕሌይስቴሽን 4 ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱበት እንደ ወፍጮ የሚጮኸው አቧራና የደረቀ ፔስት ይዞት ሊሆን ይችላል። ለእሱ ተራው ፔስት በቂ ነው።

ፔስት ዕድሜ አለው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በዚህ ውጣ ውረድ ፔስቱ በትንሽ በትንሹ ወደ ጠርዝ ይገፋል። ዘይቱም ይለያል። እኛ ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ አቧራውም ሲነሳ፣ ቀን ሙሉ የሚሠራን ላፕቶፕ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እከፍተዋለሁ። ደህና የሚሠራውን ግን ያለ ምክንያት አልነካም።

አዲስ አበባ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «የእኛ ከተማ ብርድ ነው፣ ይኼ የእናንተ የቆላዎቹ ጉዳይ ነው» ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ግን ስስ ነው። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከብርዱ የተገኘውን ጥቅም ከፍታው ከፊሉን ይወስደዋል ማለት ነው። የብዙ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ የሚሠሩበት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ተብሎ የሚጻፈው አለምክንያት አይደለም። ስለዚህ የደጋም ሰው ቢሆን ቅባቱን በትክክል መቀባት አለበት።

አሁን የምለምነውን ልጻፍ። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች፣ እባካችሁ ለዚህ ግማሽ ቀን ስጡት። እኔ ዘንድ ለልምምድ ከሚመጡት ልጆች ሰርኪት አንብበው የሚያስደንቁኝ አሉ፤ ፔስት ግን በእጃቸው ቀብተው አያውቁም። የሞተ ቦርድና አንድ ቱቦ ነጭ ፔስት ይበቃቸዋል። የጥገና ባልደረቦቼ፣ ደንበኛው ሥራውን ቆሞ ያይ። ሙቀቱን ከመክፈታችሁ በፊትና ከገጠማችሁ በኋላ አሳዩት። ኮር ቴምፕን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። «ቦርዱ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ሂትሲንኩን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን እዩ። ደንበኞችም ጠይቁ። «የድሮው ተጠረገ ወይ? ብሎኖቹ ሁሉም አሉ ወይ? ስንት ዲግሪ ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ?» በሉ። ደህና ጠጋኝ በዚህ አይቆጣም።

እኔ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒዬ ላይ አንድ የመስኮት መስታወት ቁራጭ አለ። ተለማማጆቼ ከሞተ ፕሮሰሰር ላይ ፔስት ቀብተው መስታወቱን ይጫኑበታል። ሲሰራጭ ከላይ ይታያል፤ የት እንደ ጎደለ፣ የት እንደ በዛ፣ የት አየር እንደ ቀረ። አሁን ያለችው ተለማማጅ ልጅ ከሳምንት በላይ ፈጀባት። ባለፈው ሐሙስ በቀትር፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ሲያርፍ፣ «ጋሼ፣ ና እየው» ብላ ጠራችኝ። ከጥግ እስከ ጥግ ስስ፣ አንድ አረፋ የለበትም። ከሰዓት በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ላፕቶፕ እሷ ከፈተችው።

አክባሪያችሁ፣
የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከድሬዳዋ